በቤት ስቱዲዮ የተሠራ መዝሙር በየትኛውም ስፒከር በደንብ እንዲሰማ ምን እናድርግ?

ይህ ጽሑፍ በተለይ በቤታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር፣ ሳውንድ ካርድ፣ ኪቦርድና ማይክ አዘጋጅታችሁ ለመዘምራንና ለዘማሪዎች መዝሙር ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች የቀረበ ነው። ሙዚቃ መሣሪያ የማትነኩ ወገኖችም ብታነቡት መዘምራኖቻችሁ ስለሚደክሙበት ነገር ትረዳላችሁ ብለን እናምናለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጥቢያችን ወጣት መዘምራን ከኪሳቸው እያዋጡ አንድ መዝሙር ቀረጹ። ሚክሱን የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። በክፍሌ ውስጥ ስሰማው በጣም ያምር ነበር። እሑድ ጠዋት በአዳራሹ ስፒከር ሲከፈት ግን ቤዙ እንደ ወፍጮ ቤት እያጓራ ቃሉን ዋጠው። ከፕሮግራሙ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ዜማው ደስ ይላል፤ ግን ምን ነበር ያላችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7-9 ዋሽንትና ክራርን ምሳሌ አድርጎ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ድምፁ ካልተለየ ሰሚው ምን እንደተባለ ሊያውቅ አይችልም። በ1ኛ ዜና 15፥22 የተጠቀሰው ክናንያም ዝማሬውን የመራው ሥራውን ያውቅ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ስለ ሄርዝና ስለ ዴሲቤል መማር ከመንፈሳዊነት ያነሰ ሥራ አይደለም። አንዳንዶች «መንፈሱ ካለ ሌላው ይስተካከላል» ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ የተበላሸ ሚክስ በጸሎት ሲስተካከል አላየሁም።

ጥፋቱ ከክፍሉ ይጀምራል

አብዛኛው ሰው ሚክሱ ሲበላሽበት ስፒከር ለመቀየር ያስባል። እውነተኛው ችግር ግን ብዙውን ጊዜ ክፍሉ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ወፍራም ድምፆች ረጅም ሞገድ ስላላቸው በትንሽ ክፍል ውስጥ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሱ በአንዳንድ ቦታ ይደራረባሉ፣ በሌላው ቦታ ደግሞ ይጠፋፋሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 343ን በክፍሉ ርዝመት እጥፍ ማካፈል ብቻ ነው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 57 ሄርዝ አካባቢ፣ 4 ሜትር የሆነው ደግሞ 43 ሄርዝ አካባቢ ይቸገራል። ይህ እንግዲህ የቤዝ ጊታሩና የትልቁ ከበሮ መኖሪያ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው እኩል የሆነ ክፍል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሦስቱም ችግሮች በአንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉና።

አሁን ወንበራችሁ የት እንዳለ ተመልከቱ። በክፍሉ መካከል የተቀመጠ ሰው ያ ወፍራም ድምፅ በጣም ቀንሶ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ቤዝ ይጨምራል፤ መዝሙሩም ከክፍሉ ሲወጣ ያጓራል። ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ ሰው በተቃራኒው ቤዙ በዝቶ ስለሚሰማው ይቀንሳል፤ መዝሙሩ በሌላ ቦታ ሲሰማ አጥንቱ የወጣ ይሆናል። እኔ የተቀመጥኩት ልክ በክፍሉ መካከል ነበር። ሦስት ሌሊት የደከምኩት የሌለ ድምፅ ለመሙላት ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ጠረጴዛውን በአጭሩ ግድግዳ ፊት አድርጋችሁ ክፍሉ ወደ ኋላችሁ ረዝሞ እንዲታይ አድርጉ። ጆሯችሁ ከፊተኛው ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት 38 በመቶ ያህል ይራቅ፤ በ4 ሜትር ክፍል 1 ሜትር ከ50 ገደማ ይሆናል። ይህ ለመጀመሪያ የሚሆን ልኬት ነው፤ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ እየተንቀሳቀሳችሁ ቤዙ ሳይዘል ሳይጠፋ የሚሰማበትን ቦታ ፈልጉ። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላታችሁ ሦስቱም ጎን እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ትንሿ የስፒከር አፍ በጆሯችሁ ከፍታ ትሁን።

በግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ የተለመደ ነው። ቀጫጭኑን ድምፅ ጥቂት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቤዙን አይነካውም፤ በዚያ ላይ እሳት ይወዳል። ከዚያ ይልቅ በማዕዘኖቹ ላይ ወፍራም የጥጥ ፍራሽ ማቆም፣ በመደርደሪያ መጻሕፍት መደርደር፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ እጥፍ አድርጎ ከግድግዳው ትንሽ አርቆ መስቀል ይሻላል። ብርድ ልብሱን የት እንደምትሰቅሉ ለማወቅ አንድ ሰው መስታወት በግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። ከወንበራችሁ ሆናችሁ በመስታወቱ ውስጥ ስፒከሩን ያያችሁበት ቦታ ነው።

ምን ያህል ከፍ አድርገን እንስማ?

ጆሯችን ለሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፁ ዝቅ ሲል ወፍራሞቹ ድምፆች ከመካከለኞቹ ይልቅ ፈጥነው ከጆሯችን ይርቃሉ። ስለዚህ ጎረቤት እንዳይነቃ ብሎ በለሆሳስ ሚክስ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ቤዝ ያበዛል። በጣም ከፍቶ የሚሠራው ደግሞ ሁሉም ነገር ስለሚያምረው ስሕተቱን አያይም። መካከለኛ ደረጃ ምረጡ፤ 75 ዴሲቤል አካባቢ ለትንሽ ክፍል ይበቃል። በሞባይል ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ፍጹም ባይሆንም ግምት ይሰጣል። የድምፅ መክፈቻውን በዚያ ቦታ ምልክት አድርጉበትና አትነካኩት። አልፎ አልፎ ብቻ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። በዚያን ጊዜ የዘማሪው ቃል አሁንም ከሁሉ በፊት ከተሰማችሁ መልካም ነው።

ከ85 ዴሲቤል በላይ ለረጅም ሰዓት መሥራት ጆሮን እንደሚጎዳም አትርሱ። በየ45 ደቂቃው ተነሥታችሁ ውጡ፤ ውኃ ጠጡ።

ስፒከርና ሄድፎንን በተመለከተ ብዙ አልልም። ያማሃ ኤን ኤስ 10 የተባለው ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1978 ለመኖሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ነበር፤ በ2001 ምርቱ እስኪቆም ድረስ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ውስጥ የቆየው ስለሚያምር ሳይሆን የመካከለኛውን ድምፅ ጉድለት ስለሚያጋልጥ ነው። ያላችሁን ስፒከር ማወቅ ውድ ከመግዛት ይበልጣል። ሄድፎን ለክፍሉ ችግር ጥሩ ማምለጫ ነው። ነገር ግን ግራና ቀኙ ፈጽሞ ስለሚለያይ ድምፁ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ይሰማል። ስለዚህ ሪቨርብና የግራ ቀኝ አቀማመጥ በሄድፎን ብቻ አይወሰንም።

ቃሉ ይሰማ

የመዝሙር ሚክስ ከሌላ ሙዚቃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ካልተሰማ የቀረው አጃቢ ነው። በየዘማሪው ድምፅ ላይ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ እዚያ ያለው የማይክ ማቆሚያ ንቅናቄና የመኪና ጉርምርምታ ነው። አሥራ ሁለት መዘምራን በአንድ ክፍል ሲቀረጹ ከ200 እስከ 400 ሄርዝ ያለው ይደራረብና ድምፁ ጭቃ ይሆናል፤ 2 ወይም 3 ዴሲቤል መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቃል ግልጽ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ኪቦርዱና ጊታሩ በዚያ ክልል ከተጨናነቁ የዘማሪውን ድምፅ ከመጨመር እነርሱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ስለ አማርኛችን አንድ ነገር ልጨምር። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚሉት ፊደላት ሲነገሩ ፈንዳ የሚል አጭር ድምፅ አላቸው። ኮምፕሬሰሩ በጣም ፈጥኖ ከያዘው ያ ፍንዳታ ይደበዝዝና «ጌታ መጣ» የሚለው «ጌታ መታ» ወደሚለው ይጠጋል! አታክ የሚባለውን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ አድርጉት፤ ፍንዳታው ካለፈ በኋላ ይያዝ። በሌላ በኩል ሰ፣ ሸ እና ጸ ከ5,000 እስከ 8,000 ሄርዝ አካባቢ ይሾላሉ፤ በርካሽ ስፒከር ላይ ጆሮ ይወጋሉ። ዲኤሰር በጥቂቱ ተጠቀሙ።

ሪቨርብ ቀንሱ። አዳራሾቻችን ብዙዎቹ የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያላቸው ናቸው፤ የራሳቸው ገደል ማሚቶ አላቸው። እናንተ በክፍላችሁ የጨመራችሁት በዚያ ላይ ሲደረብ ቃሉ ይሰጥማል።

ቤዝ በሞባይል

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ይሰጣል። የሞባይል ስፒከር ግን ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያሰማም። ታዲያ በሞባይል የምንሰማው ቤዝ ከየት መጣ? እያንዳንዱ የቤዝ ድምፅ በ82፣ በ123፣ በ164 ሄርዝና ከዚያም በላይ ተከታዮች አሉት፤ ጆሯችን እነዚህን ሲሰማ የጠፋውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቤዙ በሞባይል ከጠፋ 40 እና 60 ሄርዝን አትጨምሩ፤ በአዳራሹ የሚያጓራው ያ ነው። በቤዙ ላይ ቀለል ያለ ሳቹሬሽን ጨምሩ ወይም ከ700 እስከ 1,000 ሄርዝ አካባቢ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ትልቁ ከበሮና ቤዙም በአንድ ቦታ አይጋፉ። አንዱ 60 ላይ ከጠነከረ ሌላው 90 ላይ ይጠንክር።

አንድ ጆሮ ብቻ

በብዙ አጥቢያዎች የአዳራሹ ስፒከር ሞኖ ነው፤ ግራና ቀኙ ተደምሮ ነው የሚወጣው። የኪቦርዱ ስትሪንግ ሰፍቶ እንዲሰማ ተብሎ በስቴሪዮ ማስፊያ ከተሠራ ሲደመር እርስ በርሱ ሊጠፋፋ ይችላል። ሞኖ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስሙ። በዚያን ጊዜ የጠፋ ወይም በጣም የቀነሰ መሣሪያ ካለ መጠኑን ሳይሆን ማስፊያውን አስተካክሉ። እኔ አሁን የሚክሱን ግማሽ ሥራ በሞኖ እጨርሳለሁ፤ ስቴሪዮ የማደርገው በመጨረሻ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት አሠሪዋ ሲጠራት ለመስማት አንደኛውን ጆሮዋን ትታ በሌላው ብቻ መዝሙር ትሰማ ይሆናል። ዋናው ድምፅ በግራ፣ የመዘምራኑ መልስ ሙሉ በሙሉ በቀኝ ከሆነ ለእርሷ የሚደርሳት የመዝሙሩ ግማሽ ነው። የሚሰማ ቃል ሁሉ ከመካከል እጅግ አይራቅ።

መፈተሻ

መጀመሪያ፣ ሚክስ ስትሠሩ ድምፁ በደንብ የተሠራ መሆኑን የምታውቁትን ሌላ መዝሙር አጠገቡ አስቀምጡና እያፈራረቃችሁ ስሙ። ያለቀለት መዝሙር ከእናንተው ይልቅ ስለሚጮህ እኩል እስኪሰማ ድረስ ዝቅ አድርጉት፤ ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ያታልላልና።

ከዚያ ይዛችሁት ውጡ። በሞባይል ስፒከር፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ በመኪና (የሚያውቃችሁ የሚኒባስ ሾፌር ካለ ሞተሩ እየሠራ)፣ በመጨረሻም በባዶ አዳራሽ ስሙት። ባዶ አዳራሽ ሰው ከሞላበት ይልቅ እንደሚያስተጋባ አስቡ፤ የምእመኑ ልብስና አካል ድምፅ ይመጣልና። በየቦታው የሰማችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ ብቻ ለታየ ስሕተት ሚክሱን አትቀይሩ። በሦስት ቦታ ቤዙ ከበዛ ቤዙ በዝቷል። በአንዱ መኪና ብቻ ከበዛ መኪናው ነው። መዝሙሩን ከዚህ በፊት ያልሰማ ሰው ካገኛችሁም ግጥሙን ሳታሳዩት የሰማውን ቃል እንዲጽፍ ጠይቁት። እኔ ይህን የምጠይቀው እኒያን እናት ነው፤ ቅር አይላቸውም።

ስለ ማስተሪንግ

መዝሙሩ እንዲጮህ ብላችሁ በሊሚተር አትጭመቁት። ዩቲዩብ ከ−14 ሉፍስ ገደማ በላይ የሚጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ የተጨመቀው መዝሙር ዝቅ ሲል ከበሮው ሞቶ ይቀራል። ጫፉን 1 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት፤ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ጫፎቹ ትንሽ ስለሚዘሉ ነው። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት እንጂ በስፒከር እያጫወታችሁ በድምፅ መልእክት አትቅዱት።

ሊሚተር ያልገባበትን ሚክስ፣ ድምፅ የሌለበትን አጃቢ ሙዚቃና እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። መብራት በድንገት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ፣ ወይም ከዓመት በኋላ አዳራሹ ስፒከር ቢቀይር፣ መዘምራኑን እንደገና ለቀረጻ ሳትጠሩ ከዚያ ትነሣላችሁ።