ስፖርት ጀምረን ለምን እናቋርጣለን? ከለንደን አውቶብስ እስከ ቶኪዮ



ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ታካሚ ለቀጠሮ ሲመጣ "እንቅስቃሴውስ እንዴት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ "ዶክተር፣ ሁለት ሳምንት ሠርቼ ነበር፤ ከዚያ ሰነፍኩ።" አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚነግሩኝ፣ ጥፋተኛ እንደሆነ ልጅ። ራሳቸውን ባይወቅሱ ደስ ይለኛል። ምክንያቴን በታሪክ ላስረዳችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር ነው። በዚያን ጊዜ የልብ ደም ሥር መዘጋት በተለይ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ወንዶችን በብዛት ይገድል ጀመር፤ ምክንያቱ ግን በውል አይታወቅም ነበር። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መልሱን በየሥራው ዓይነት ውስጥ ፈለጉ። ከመረጧቸው መካከል ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆነ 31,000 ያህል የለንደን ትራንስፖርት ሠራተኞች ይገኙበታል።

ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ የሚውሉት በአንድ አውቶብስ ነው። አሠሪያቸው አንድ፣ ከተማቸው አንድ፣ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶብስ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የሚሆን ደረጃ ይወጣ ነበር።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 "ላንሴት" በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ሲያዙም በላቀ ዕድሜ ነው፤ ሕመሙ እንደያዛቸው ወዲያው የመሞት ዕድላቸውም አነስተኛ ነበር። ደብዳቤ ሲያድሉ የሚውሉ ፖስተኞችም ተቀምጠው ከሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸሩ ተመሳሳይ ልዩነት ታየ።

"ሾፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራሞች ቢሆኑስ?" የሚል ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም። ሞሪስ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ አገላብጠው የሱሪያቸውን የወገብ ልክ አዩ። እውነትም ሾፌሮቹ ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ቆይቶ በተደረገው ክትትል ግን ቀጭኑም፣ መካከለኛውም፣ ወፍራሙም ትኬት ቆራጭ ከአምሳያው ሾፌር የተሻለ ሆኖ ተገኘ። "ኪሎዬ ስላልቀነሰ እንቅስቃሴው አልጠቀመኝም" የምትሉ ይህንን ልብ በሉ። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም ልባችሁ እየተጠቀመች ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ያ ትኬት ቆራጭ ጠዋት ተነስቶ "ዛሬ ስፖርት ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ?" ብሎ ከራሱ ጋር አልተሟገተም። ደረጃው የእንጀራው አካል ነበር። የእኛ እናቶችም ውሃ ሲቀዱ፣ አባቶቻችንም ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ስፖርት እየሠሩ እንደሆነ አላሰቡትም። እኛ ከእነሱ የሰነፍን ሆነን አይደለም። ሊፍቱ፣ ታክሲው፣ ወንበሩና ስልኩ ሰውነታችንን ከሥራ አሰናበቱት፤ እንቅስቃሴ ከኑሮ ወጥቶ በየቀኑ የምንወስነው ውሳኔ ሆነ። በየቀኑ እንደ አዲስ የሚወሰን ነገር ደግሞ ሲደክመን፣ ሲዘንብ፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀራል።

ታዲያ ከኑሮ የወጣውን እንዴት እንመልሰው? አንዱ ሙከራ የመጣው ከጃፓን ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ኦሎምፒክ ማራቶን አሸነፈ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ውድድሩን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም በመገረም ተመለከተው። ኦሎምፒኩ በጃፓን የአካል ብቃት ፍላጎትን ቀስቅሶ ነበር። ግን ተራው ሰው አበበን አይቶ ነገ ማራቶን ሊሮጥ አይችልም፤ የሚችለው ነገር ያስፈልገዋል።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ያማሳ የተባለ የጃፓን ድርጅት ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ። ስሙ "ማንፖ ኬይ" ነበር፤ ትርጉሙም "የአሥር ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ" ማለት ነው። የእግር ጉዞ ማኅበራትም ቁጥሩን ተቀበሉት። ዛሬ በስልካችሁና በእጅ ሰዓታችሁ የሚታየው 10,000 እርምጃ ሥሩ እዚያ ነው። በምርምር ተለክቶ የወጣ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም፤ የዕቃ መሸጫ ስም ነበር።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 የ26 ጥናቶች ውጤት በአንድ ላይ ሲታይ መቁጠሪያ የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ በቀን ወደ 2,500 የሚጠጋ እርምጃ ጨምረው ተራምደዋል። መቁጠሪያው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ለውጡ ጎልቶ የታየው የቁጥር ግብ በያዙት ላይ ነው።

ግቡ ደግሞ የግድ 10,000 መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በወጣ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶች ተከታትለው ታይተዋል። በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቆመ። ይህ የምልከታ ጥናት ስለሆነ ልዩነቱ በሙሉ ከእርምጃው የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ግን "አሥር ሺህ ካልሞላሁ ምን ዋጋ አለው?" ብሎ ለተቀመጠ ሰው ትልቅ ተስፋ ነው።

ሌላው የሚያስቆመን ነገር አንድ ቀን መዝለል ነው። "አንዴ ከተበላሸ…" ብለን እንተወዋለን። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ነገሩ ያለ ሐሳብ የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አገኙ። አንዱ በ18 ቀን ሲለምድ፣ ሌላው ከ250 ቀን በላይ ያስፈልገው ነበር። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ያቋረጠ ታካሚዬ ሰነፍ አልነበረም፤ ልማዱ ሳይዘው ነው የተወው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

✅ የራሳችሁን "የአውቶብስ ደረጃ" ፈልጉ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ልጅን በእግር ትምህርት ቤት ማድረስ፣ በሊፍት ፋንታ ደረጃ መውጣት። ለመቅረት የሚያስቸግር ነገር ላይ እሰሩት።

✅ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት የምትራመዱትን ብቻ ቁጠሩ። ከዚያ 1,000 ጨምሩ። ሲለመድ እንደገና ጨምሩ።

✅ ሰዓቱን ከሌላ ልማድ ጋር አያይዙት፦ ከቤተክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ፣ ከእራት በኋላ።

✅ አንድ ቀን ቢቀር በማግሥቱ ቀጥሉ። ለማካካስ ብላችሁ እጥፍ አትሥሩ።

✅ ወላጆች፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። አብራችሁ ተጫወቱ፤ ልጅ ከምክር ይልቅ የሚያየውን ይከተላል።

⚠️ ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚያምችሁ፣ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ወይም የሚያዞራችሁ ከሆነ አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ። ኢንሱሊን የምትወስዱም ስኳራችሁ ሊወርድ ስለሚችል እንቅስቃሴ ከመጨመራችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ጄሪ ሞሪስ ራሳቸው እንቅስቃሴን ሳይተዉ ኖረው በ99 ዓመታቸው አረፉ። ለቀጣዩ ቀጠሮ ስትመጡ "ሰነፍኩ" አትበሉኝ። "ዶክተር፣ ደረጃዬን አገኘሁት" በሉኝ።

የእናንተ ደረጃ የቱ ነው? በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ለሌላው ሐሳብ ይሆናል። መልካም ጤና!