ሰውነታችን በእረፍት ላይ ምን ያህል ያቃጥላል? የእረፍት ሜታቦሊዝም ልኬትና የግል የአመጋገብ ዕቅድ

ክብደት ለመቀነስ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ በስልኩ ያገኘውን “በቀን 1,200 ካሎሪ” የሚል ዝርዝር ይዞ ይጀምራል። ዝርዝሩ ለማን እንደተዘጋጀ አይታወቅም። ቁመቷ 150 ሴንቲ ሜትር ለሆነች የ60 ዓመት እናትም፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ለሚውል የ25 ዓመት ወጣትም ቁጥሩ አንድ ነው። ወጣቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እናትየዋ ደግሞ ለውጡ ዝግ ሲልባት ትተወዋለች። ሁለቱም ያልጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰውነቴ ምንም ሳልሠራ ብውል እንኳ በቀን ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል? ይህ መጠን የእረፍት ሜታቦሊዝም ይባላል። በቀመር ሊገመት፣ በመሣሪያም ሊለካ ይችላል።

ጋደም ብለን ሳለ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ ኩላሊት ደም ያጣራል፣ አንጎል አያርፍም፣ የሰውነት ሙቀትም መጠበቅ አለበት። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ በሚውል ሰው ላይ የእረፍት ወጪው ከዕለቱ ጠቅላላ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ምግብን ለመፍጨትና ለማዋሃድ 10 በመቶ ገደማ ይሄዳል። የቀረው እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን “የማቃጥለው ስሮጥ ብቻ ነው” ብለን ብናስብም ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ምንም በማናስተውልበት ሰዓት ነው።

ይህን ኃይል የሚበላው ማን ነው? መልሱ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። ልብና ኩላሊት በኪሎ ግራም ክብደታቸው በቀን 440 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይወስዳሉ፤ አንጎል 240፣ ጉበት 200 ያህል። ያረፈ ጡንቻ ግን በኪሎ 13 ብቻ፣ ስብ ደግሞ 4.5 ገደማ ነው። አንጎል፣ ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ተደምረው ከሰውነት ክብደት 6 በመቶ እንኳ የማይሞሉ ቢሆኑም ከእረፍት ወጪው 60 በመቶ ያህሉን ይወስዳሉ። በየጂሙ የሚነገረው “ጡንቻ ከገነባህ ተኝተህም ታቃጥላለህ” የሚለው አባባል በዚህ ሚዛን ሲታይ ያሳንሳል። 2 ኪሎ ጡንቻ የጨመረ ሰው በእረፍት የሚጨምረው ወጪ 26 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ ይበልጠዋል። ጡንቻ ለስኳር ቁጥጥር፣ ለአጥንትና ለእርጅና ዘመን ጥንካሬ ይጠቅማል፤ ለዚያ ሲባል ይገንባ እንጂ ለዚህ ተስፋ አይደለም።

በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በዋናነት የሚመጣው ከሰውነት ግዝፈትና ስብ ካልሆነው የሰውነት ክፍል መጠን ነው። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች የሚበልጡትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ትኩሳት ወጪውን ከፍ ያደርጋል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ10 እስከ 13 በመቶ ገደማ። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ይጨምራል፣ ሲያንስ ይቀንሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ አንገት ላይ እንቅርት መታየቱ ብቻውን ሜታቦሊዝም ፈጥኗል ወይም ዘግይቷል ማለት አይደለም። እንቅርት እያለ ሆርሞኑ ትክክል የሆነ ሰው ብዙ ነው፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ስለ ዕድሜም የተለመደው አባባል በከፊል ተሽሯል። በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመውና ከ29 አገሮች የተሰበሰበ የ6,400 ሰዎች መረጃ የያዘው ጥናት፣ የሰውነት መጠን ከታሰበበት በኋላ ሜታቦሊዝም ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። ከ60 በኋላ ግን በየዓመቱ 0.7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በ40 ዓመት የመጣን ቦርጭ “ዕድሜ ነው” ማለት እንግዲህ አያስኬድም።

ልኬቱ የቆየ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው አንቷን ላቮይዚዬ ከላፕላስ ጋር በ1780ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ የቀለጠውን በረዶና የተነፈሰችውን ጋዝ አነጻጸረ። መተንፈስ ዝግ ያለ ማቃጠል መሆኑን የተረዱት ከዚያ ነው። የዛሬው መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ሙቀቱን በቀጥታ አይለካም፤ ሰውየው የተጠቀመውን ኦክስጅንና ያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካና ከዚያ ኃይሉን ያሰላል። ሰውነት አንድ ሊትር ኦክስጅን ሲጠቀም 4.8 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። ስሌቱ የሚሠራበት ቀመር ዊር የተባለ ተመራማሪ በ1949 ያወጣው ነው፤ በደቂቃ የተወሰደው ኦክስጅን በሊትር በ3.941 ይባዛል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በ1.106 ይባዛል፣ ሁለቱ ይደመሩና በቀኑ 1,440 ደቂቃዎች ይባዛሉ። ለምሳሌ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ወስዶ 200 ሚሊ ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣ ሰው የእረፍት ወጪው በቀን 1,737 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል።

በውጤት ወረቀቱ ላይ ሌላም ቁጥር ይኖራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ለኦክስጅኑ ሲካፈል የሚገኘው። በምሳሌያችን 0.80 ነው። ወደ 0.70 ሲጠጋ ሰውነት በብዛት ስብ እያቃጠለ ነው፤ ወደ 1.0 ሲጠጋ ካርቦሃይድሬት። ጾሞ በመጣና ባረፈ ሰው ላይ ይህ ቁጥር ከ0.70 በጣም ከወረደ ወይም ከ1.0 ካለፈ አየር አምልጧል፣ ሰውየው ተጨንቆ በፍጥነት ተንፍሷል፣ ወይም በልቶ መጥቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለ ውጤት ይደገም እንጂ የአመጋገብ ዕቅድ አይሠራበትም።

የልኬቱ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው በዝግጅቱ ነው። የተለመደው ከሌሊት ጾም በኋላ ጠዋት መምጣት ነው። ቡና ሜታቦሊዝምን ለሰዓታት በጥቂት በመቶ ከፍ ስለሚያደርግ ጠዋት አይጠጣም፤ ሲጋራም እንዲሁ። ጫትም አነቃቂ ነውና ከዋዜማው ጀምሮ መተው አለበት፤ ማንም ባይጠይቅዎ እርስዎ ይናገሩ። ከባድ ስፖርት ወይም የጉልበት ሥራ ከተሠራ አንድ ቀን መቆየት ይሻላል። ቦታው ከደረሱ በኋላ ሳይበርድና ሳይሞቅ በጸጥታ 20 ደቂቃ ያህል ማረፍ ያስፈልጋል። በልኬቱ ጊዜ እንቅልፍም፣ ስልክ መነካካትም፣ ወሬም የለም። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ንባብ አይያዝም፤ ከዚያ በኋላ የተረጋጋው ነው የሚወሰደው።

ትንፋሹ የሚሰበሰበው ወይ አፍና አፍንጫ ላይ በሚገጠም ጭምብል፣ ወይ ጭንቅላትን በሚሸፍን ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ነው። ጢሙን ያሳደገ ወንድ ይህን ይወቅ፤ በወፍራም ጢም ላይ ጭምብል በደንብ ስለማይገጥም አየር ያመልጣል፣ ውጤቱም ከእውነተኛው ያንሳል። ሽፋኑ ለእሱ ይሻላል። ሒጃብ የለበሰች እህት በሽፋኑ ውስጥ ሒጃቧን ማውለቅ አያስፈልጋትም፤ ኒቃብ ለምትለብስ ግን ፊት መገለጥ ስላለበት ሴት ባለሙያ እንድትለካት ቀጠሮ ስትይዝ ብትጠይቅ መልካም ነው።

መሣሪያው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። በሚዛን መልክ ሰው ቆሞበት “ሜታቦሊዝምዎ ይህን ያህል ነው” የሚለው ዕቃ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በእግር ደካማ ኤሌክትሪክ አስተላልፎ የሰውነት ውሃንና ስብን ይገምታል፣ ሜታቦሊዝሙን በቀመር ያወጣዋል። ትንፋሽ ያልሰበሰበ መሣሪያ ለካ አይባልም። ለእንዲህ ያለ ግምት ገንዘብ ከመክፈል ቀመሩን ራስ መጠቀም ይቻላል። በ1990 የወጣው የሚፍሊንና የሴንት ጆር ቀመር ይህ ነው፤ ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ10፣ ሲደመር ቁመት በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በ6.25፣ ሲቀነስ ዕድሜ ሲባዛ በ5። ለወንድ 5 ይደመራል፤ ለሴት 161 ይቀነሳል። ዕድሜዋ 35፣ ክብደቷ 62 ኪሎ፣ ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት 1,284 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ቀመሩ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከተለካው በ10 በመቶ ክልል ውስጥ ይገኛል። በጣም በወፈሩ፣ በአረጋውያንና ለረጅም ጊዜ በታመሙ ሰዎች ላይ ግን ስህተቱ ይሰፋል። መለካት በእውነት የሚጠቅመውም ለእነዚህ፣ እንዲሁም ብዙ ክብደት ቀንሶ ለቆመበትና ያለ ምክንያት ለሚከሳ ሰው ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ በእንቅስቃሴ ይባዛል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ተቀምጦ ለሚውል ከ1.40 እስከ 1.69፣ ደህና ለሚንቀሳቀስ ከ1.70 እስከ 1.99፣ ከባድ የጉልበት ሥራ ላለበት ከ2.00 እስከ 2.40 ይሰጣል። ከላይ የጠቀስናት ሴት የቢሮ ሠራተኛ ብትሆን በ1.4 ተባዝቶ 1,800 ገደማ ክብደቷን ባለበት ያቆይላታል። መቀነስ ከፈለገች ከ1,300 እስከ 1,500 በቂ ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ ጡንቻን ይዞ ይሄዳል። በመቀነስ ላይ ላለ ሰው በኪሎ ክብደት 1.2 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ጡንቻው ይጠበቃል። ለእሷ 74 ግራም ማለት ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ ተጋግዘው ይሞሉታል። ሒሳቡ የሚበላሸው ወጥ ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሆን ወጣችን ስንት ማንኪያ እንደሚገባበት የምታውቀው እናት ብቻ ናት። “ሜታቦሊዝሜ ዘገምተኛ ነው” ብለው የተለኩ ብዙዎች ውጤታቸው ለግዝፈታቸው ተገቢ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው፤ ያልተቆጠረው ምግቡ ነው።

ይህ ማለት ግን ሜታቦሊዝም ፈጽሞ አይዘገይም ማለት አይደለም። በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንሴል ኪስ 36 ወንዶችን ለስድስት ወር ምግብ ቀንሶባቸው ነበር፤ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ሲያጡ የእረፍት ወጪያቸው 40 በመቶ ገደማ ወረደ። በ2016 ደግሞ በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ለሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አንሰው ተገኙ። አብዛኛው ክብደታቸውም ተመልሶ ነበር። በፍጥነትና በብዛት የቀነሰ ሰው የድሮውን ቁጥር ይዞ መቀጠል የለበትም፤ ቢቻል ይለካ፣ ካልተቻለም በአዲሱ ክብደቱ ያስላና ለአራት ሳምንት በሚዛን ይከታተል።

ረመዷንን በተመለከተ በአቡ ዳቢ የተሠራና በ2018 የታተመ ጥናት በጾመኞች ላይ የእረፍት ሜታቦሊዝም በረመዷንና ከረመዷን በኋላ በአማካይ እንዳልተለየ አሳይቷል። የተለየው እንቅስቃሴያቸው ነው፤ በረመዷን ቀን ቀን ቀንሶ ነበር። ስለዚህ በወሩ ክብደት የሚጨምር ሰው ምክንያቱን ኢፍጣር ላይ ካለው ጥብስና ጣፋጭ፣ ከቀኑ መቀመጥም ጋር ይፈልገው። በጾም መለካትም ይቻላል። ሱሑር ሌሊት 11 ሰዓት ግድም ካበቃ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ 7 ሰዓት አልፏል። በመሣሪያው በኩል የሚሰጥ መድኃኒትም ፈሳሽም የለም፤ ተመርማሪው የሚተነፍሰው የክፍሉን አየር ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ግን ቀጠሮውን ወደ ሸዋል ቢያሻግር ይሻላል።

ኢንሱሊን ወይም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ ኪኒን የሚወስድ ሰው ለልኬቱ ብሎ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ እዚህ በተሰጠው የመቀነሻ ስሌት አይመሩም።