የነፍሳት ቅርፊት በካሳራኒ

ካሳራኒ ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚያስበው ስታዲየሙን ነው። በፈረንጆቹ 1987 ለመላ አፍሪካ ጨዋታዎች ተሠርቶ፣ በ2021 ደግሞ ከ20 ዓመት በታች የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮናን አስተናግዷል። በዚሁ የናይሮቢ ክፍል ካሜራ የማይበዛበት ሌላ ግቢም አለ፤ ስሙ ዱዱቪል ነው። ዓለም አቀፉ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ኢኮሎጂ ማዕከል፣ በአጭሩ ኢሲፔ፣ መቀመጫው እዚያ ነው።

መሥራቹ ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ ካምብሪጅ ላይ በነፍሳት ፊዚዮሎጂ የተመራመሩ ሰው ነበሩ። በ1967 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሳይንስና ልማት ጻፉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ማዕከሉን ናይሮቢ ላይ መሠረቱ። አፍሪካ ሌላው ያገኘውን እየተቀበለች የምትጠቀም ብቻ ሳትሆን መሠረታዊ ምርምር የሚካሄድባት አህጉር ትሁን የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። በዚያ ዘመን ነፍሳትን ለማወቅ ሲባል ብቻ ማጥናት ለድሃ አገር ቅንጦት ይመስል ነበር። ቀጥሎ የሆነው ግን እምነታቸውን ያጸናል።

ነፍሳት እንደ ሰው በሽታን የሚለይና የሚያስታውስ ፀረ እንግዳ አካል የላቸውም። ይሁንና በበሰበሰ ነገር መካከል እየኖሩ በባክቴሪያ አያልቁም። ምክንያቱን በ1981 የስቶክሆልሙ ሃንስ ቦማንና ባልደረቦቻቸው ገለጡት። ወደ ክንፋምነት እየተለወጠ ያለ የአንድ ትልቅ የእሳት ራት ፑፓ ውስጥ ባክቴሪያ ሲወጉበት፣ ሰውነቱ ሴክሮፒን የተባሉ አጫጭር ፕሮቲኖችን አመንጭቶ ወራሪውን ይገድል ነበር። በ1987 ደግሞ አሜሪካዊው ማይክል ዛስሎፍ ከአፍሪካዊቷ ባለ ጥፍር እንቁራሪት ቆዳ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። የቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እንቁራሪቶች ንጹሕ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ቢመለሱም ቁስላቸው ሳይመረቅዝ መዳኑ ነበር ሐኪሙን ያስገረማቸው።

ባክቴሪያን መግደል ብቻውን ከባድ አይደለም። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዶማክ በ1935 ያስተዋወቋቸው አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ማጽጃዎች ይህን ያደርጋሉ። ሆኖም መጠናቸው ከፍ ሲል የሰውን ሕዋስም ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ለቆዳና ለዕቃ እንጂ ወደ ደም የሚገቡ አይደሉም። ከባዱ ነገር መለየቱ ነው። የባክቴሪያ ሽፋን ውጫዊ ገጽ አሉታዊ ሙል ይበዛበታል፤ የሰው ሕዋስ ውጫዊ ገጽ ግን አዎንታዊና አሉታዊ ሙሉ የተመጣጠነ ነው፣ ኮሌስትሮሉም ያጠነክረዋል። የእሳት ራቷና የእንቁራሪቷ ፕሮቲኖች አዎንታዊ ሙል ስላላቸው ወደ ባክቴሪያው ይሳባሉ፤ ከዚያም ቅባት ወዳዱ ጎናቸው ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ያፈርሰዋል።

ፕሮቲን ውድ ነው፣ ሰውነት ውስጥም ቶሎ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ኬሚስቶች አንድ ደፋር ጥያቄ አነሡ፦ ባሕርይውን ብቻ ይዞ በርካሽ የሚሠራ ፖሊመር፣ ማለትም ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት፣ ቢነደፍስ? በ2002 ዊሊያም ዴግራዶ፣ ግሪጎሪ ቲውና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ያሉ ፖሊመሮችን አሳዩ። ሥራው የሚዛን ሥራ ነው። ቅባት ወዳዱ ክፍል ካነሰ ባክቴሪያው አይሞትም፤ ከበዛ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ፖሊመር ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ ባክቴሪያን ለማስቆም ስንት እንደሚበቃና የደም ሕዋስን ለማፍረስ ስንት እንደሚያስፈልግ ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ተስፋውም ይሰፋል።

ተፈጥሮ ግን አንድ ፖሊመር ሠርታ አስቀምጣለች። ፈረንሳዊው ኦንሪ ብራኮኖ በ1811 ከእንጉዳይ ያገኙት ካይቲን የነፍሳት ቅርፊት ዋና አካልም ነው። በ1859 ሻርል ሩዤ በጠንካራ አልካሊ ሲያፈሉት ጠባዩ ተለወጠ፤ ዛሬ ካይቶሳን የምንለው ይህ ነው። አሲድነት ባለው ፈሳሽ ውስጥ አዎንታዊ ሙል ይይዛል፣ ባክቴሪያንም ይገታል። ደም የሚያቆም የካይቶሳን ቁስል ማሸጊያም በ2002 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል።

ካሳራኒ ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘችው በዝንብ በኩል ነው። ኢሲፔ ጥቁር ወታደር ዝንብን ለመኖ ሲያራባ፣ ከፑፓው የሚወልቀው ቅርፊት ብዙ ተረፈ ምርት ሆነ። በ2022 የማዕከሉ ተመራማሪ ክሪሳንተስ ታንጋ የተሳተፉበት ጥናት፣ ከዚህ ቅርፊት የወጡት ካይቲንና ካይቶሳን ቲማቲምን የሚያጠወልገውን ራልስቶንያ የተባለ ባክቴሪያ እንደሚገቱ አሳየ። ለገበሬው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሽታው አንዴ አፈር ከገባ ለማጥፋት እጅግ ያስቸግራል።

በዚያ ጊዜ ማዕከሉን የሚመሩት ፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ነበሩ። ከ2013 እስከ 2023 የመሩት የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ናቸው፤ በ2014 የሎሬአል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አግኝተዋል። ስለ አስተዳዳሪነታቸው ብዙ ተብሏል፤ ከዚያ በፊት የሠሩት ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር ይበልጥ ይዛመዳል። በ2004 ኮሎምቢያ ውስጥ ሆነው፣ ክሊቶሪያ ከተባለ የመኖ ተክል ዘር፣ ፈንገስንና ባክቴሪያን የሚገታ፣ ቦሎቄ የሚበላን ነቀዝም የሚገድል ፕሮቲን ማጥራታቸውን ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳትመዋል። ፕሮቲኑ «ፊኖቲን» ይባላል።

ከዝንብ ቅርፊት እስከ ሰው መድኃኒት ያለው መንገድ ገና ረጅም ነው። አጣዳፊነቱ ግን ግልጽ ነው፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በቀጥታ እንደገደሉ ተገምቷል። የካይቶሳን ትልቁ እንቅፋት የደም ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ ነው። 7.4 ላይ አብዛኛው ሙል ይጠፋል፣ ካይቶሳኑም ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ኬሚስቶች አዎንታዊው ሙል እንዳይጠፋ ሌላ ኬሚካላዊ ቡድን ይጨምሩበታል፤ ይህ ሙል ከልክ ሲያልፍ ግን የሰው ሕዋስም ይጎዳል፣ ፈተናው ከቀይ የደም ሕዋሳት ጀምሮ እንደገና ይደገማል።