ላይክሊክ፦ በቱርክ የመንግሥትና የእስልምና ግንኙነት

ላይክሊክ የቱርክ ሪፐብሊክ መንግሥትና ሃይማኖት ያላቸው ግንኙነት የቆመበት ሕገ መንግሥታዊ መርህ ነው። ስያሜው ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን፣ በአማርኛ ሴኩላሪዝም ወይም ዓለማዊነት ከሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ጋር አንድ ተደርጎ ቢቆጠርም፣ በአሠራሩ ግን መንግሥትና ሃይማኖት አንዱ በሌላው ጣልቃ ሳይገባ ተለያይተው የሚኖሩበት ሥርዓት ሆኖ አያውቅም። የቱርክ መንግሥት መስጊዶችን ያስተዳድራል፣ ኢማሞችን ይሾማል፣ ደመወዛቸውን ይከፍላል፣ በጁምዓ ኹጥባ ምን እንደሚነገርም ይወስናል፤ በዚሁ ሥልጣኑ በተለያዩ ዘመናት የሙስሊሞችን አለባበስ፣ አዛንና መንፈሳዊ ማኅበራት የሚገድቡ ሕጎችን አውጥቷል። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነባት በዚህች አገር የክርክሩ ፍሬ ነገር ሃይማኖት ከመንግሥት ይለይ አይለይ ከሚለው ይልቅ፣ ሃይማኖትን የሚያስተዳድረው መንግሥት በማን እጅ ይግባ የሚለው ነው ማለት ይቻላል። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥርዓቱ መሠረት የተጣለው ማርች 3 ቀን 1924 ሲሆን፣ በዚያን ዕለት ብሔራዊው ምክር ቤት በሙስጠፋ ከማል (በኋላ አታቱርክ በተባሉት) መሪነት ሦስት ሕጎችን በአንድ ጀምበር አጸደቀ። አንደኛው ሕግ ኺላፋን፣ ማለትም የኦቶማን ሥርወ መንግሥት ይዞት የቆየውን የሙስሊሙ ዓለም የበላይነት ማዕረግ፣ ሽሮ የመጨረሻውን ኸሊፋ ዳግማዊ አብዱልመጂድን ከነቤተሰባቸው ከአገር አስወጣ። ሁለተኛው ትምህርት ቤቶችን ሁሉ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ሲያደርግ፣ ሚኒስቴሩም ብዙ ሳይቆይ መድረሳ የሚባሉትን የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ዘጋቸው። ሦስተኛው የሸሪዓና የወቅፍ ሚኒስቴርን አፍርሶ፣ በቱርክኛ ዲያነት የሚባለውንና በዚያን ጊዜ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ የነበረውን የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ኺላፋን ባጠፋበት ዕለት መንግሥት የራሱን የሃይማኖት መሥሪያ ቤት መክፈቱ፣ ዓላማው እስልምናን መተው ሳይሆን ከቁጥጥሩ ውጭ የሆነ እስልምና እንዳይኖር ማድረግ እንደነበር ያሳያል።

በ1925 መጀመሪያ በአገሪቱ ምሥራቅ ናቅሽበንዲ በተባለው የሱፊ ማኅበር ሸይኽ በሆኑት በሸይኽ ሰዒድ የተመራው የኩርዶች አመፅ ከተደመሰሰ በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የወጣው ቁጥር 677 ሕግ የጠሪቃዎችን፣ ማለትም በሸይኾች ዙሪያ የሚሰባሰቡ የሱፊ ማኅበራትን፣ መሰብሰቢያዎች ዘጋ፤ የአውሊያ መቃብሮችን ዚያራ አስቀረ፤ ሸይኽና ደርቪሽ የሚሉትን መጠሪያዎችም ከለከለ። ከጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ የባርኔጣ ሕግ ወጥቶ፣ ወንዶች ፌዝ የተባለውን ቀይ ቆብ ጥለው የአውሮፓ ባርኔጣ እንዲያደርጉ አዝዞ ነበር። ክፈፍ ያለው ባርኔጣ በሱጁድ ጊዜ ግንባርን ከምድር ስለሚያግድ፣ ነገሩ ብዙዎች እንደሚያስቡት የፋሽን ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ኢስኪሊፕሊ አጢፍ ሆጃ የተባሉት ዓሊም ባርኔጣን የሚነቅፍ ትንሽ መጽሐፍ ያሳተሙት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በ1924 ቢሆንም፣ «የነጻነት ፍርድ ቤት» በሚባለው ልዩ ችሎት ተከሰው በ1926 በአንካራ በስቅላት ተቀጡ። የሴቶችን መሸፈኛ በተመለከተ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚከለክል ሕግ አልወጣም፤ በ1930ዎቹ ክልከላውን ያወጡት የየከተማው ባለሥልጣናት ነበሩ። የመንግሥት ሃይማኖት እስልምና ነው የሚለው አንቀጽ በ1928 ከሕገ መንግሥቱ ሲወጣ፣ ላይክሊክ በ1937 ገባ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የተራውን ሰጋጅ ልብ የነካው የአዛኑ ጉዳይ ነው። በ1932 ዲያነት አዛን በአረብኛ መደረጉ ቀርቶ በቱርክኛ እንዲሆን በየአካባቢው ላሉ ሠራተኞቹ መመሪያ አስተላለፈ፤ ከሚናራው የሚሰማው «አላሁ አክበር» ቀርቶ «ታንሪ ኡሉዱር» ሆነ። ታንሪ ቱርኮች እስልምናን ከመቀበላቸው በፊትም ፈጣሪን ይጠሩበት የነበረ ስም ሲሆን፣ ከአረብኛው ጥሪ ስኬትንና መዳንን የሚያመለክተው «ፈላሕ» ግን ሳይለወጥ ቀርቷል። በፌብሩዋሪ 1933 በቡርሳ ሰጋጆች ተቃውሞ ባሰሙ ጊዜ አታቱርክ ራሳቸው ወደ ከተማዋ ሄዱ። መመሪያው ለዓመታት ራሱን የቻለ የሕግ አንቀጽ ሳይኖረው ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ በ1941 የወንጀለኛ መቅጫው ተሻሽሎ በአረብኛ አዛን ያደረገ ሰው እስከ ሦስት ወር እንዲታሰር ወይም መቀጮ እንዲከፍል ተደነገገ። ከእስራቱ ለማምለጥ በቱርክኛው ጥሪ ያደረጉ ሙአዚኖች እንደነበሩ ሁሉ፣ ቋንቋው ገብቶን እንስገድ ብለው ለውጡን የደገፉ የተማሩ ሙስሊሞችም አልጠፉም። በሜይ 1950 ምርጫ ያሸነፈው የአድናን መንደረስ ዴሞክራት ፓርቲ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ጁን 16 ቀን፣ ክልከላውን ሲያነሣ፣ ክልከላውን ያወጣው የሪፐብሊካን ሕዝብ ፓርቲ እንኳ አልተቃወመም። አዲሱ ሕግ ቅጣቱን ሰረዘ እንጂ የቱርክኛውን አዛን አልከለከለም፤ ይሁንና ወዲያው በየመስጊዱ አረብኛው ተመለሰ።

የኋለኛው ዘመን ክርክር በሂጃብ ላይ ያተኮረ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የገቡ ቤተሰቦች ሴት ልጆች ዩኒቨርሲቲ መግባት ሲጀምሩ፣ በእናቶቻቸው ራስ ላይ ማንም ልብ ያላለው ሻሽ በተማሪዎቹ ራስ ላይ የፖለቲካ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። ከ1980 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት በ1982 ሂጃብን ከለከለ፤ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ1989 ሂጃብን የሚፈቅድ ሕግ ሻረ። አፈጻጸሙ ግን ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያይ ነበር። ጦር ሠራዊቱ የነጅመቲን ኤርባካንን ጥምር መንግሥት ክልከላዎችን እንዲቀበል በብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት በኩል ያስገደደበት የፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ውሳኔ ከመጣ በኋላ ልዩነቱ ቀርቶ ክልከላው በሁሉም ጠበቀ። በኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ለምዝገባ የመጡ ሴቶች «የማሳመኛ ክፍል» ወደሚባል ቢሮ እየተጠሩ ሻሻቸውን እንዲያወልቁ ይመከሩ ነበር፤ ትምህርቱን መተው ያልፈለጉ አንዳንዶች በሻሻቸው ላይ ዊግ አጥልቀው ይገቡ ነበር። በኤፕሪል 1999 የተመረጡት የፓርላማ አባል መርቬ ካቫክቺ በሜይ በሂጃብ ወደ አዳራሹ ሲገቡ፣ የገዢው ፓርቲ አባላት ጠረጴዛ እየደበደቡ ጮኹባቸውና ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ያለ ፈቃድ የአሜሪካ ዜግነት ወስደዋል ተብሎ ቱርካዊ ዜግነታቸው ተገፈፈ።

የሕክምና ተማሪዋ ለይላ ሻሂን ጉዳይ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2005 በ16 ድምፅ ለ1 ክልከላው መብታቸውን እንዳልጣሰ ወሰነ። አብላጫዎቹ ዳኞች በቱርክ ሁኔታ ሻሽ ባልለበሱት ላይ ጫና ሊያሳድር ይችላል የሚለውን የመንግሥት ክርክር ሲቀበሉ፣ ብቻቸውን የተለዩት ቤልጂየማዊቷ ዳኛ ፍራንስዋዝ ቱልከንስ ደግሞ አንዲት ተማሪ የምትለብሰው በሌላው ላይ ያደረሰው ጉዳት በማስረጃ ካልታየ ሥጋት ብቻውን መብትን ለመገደብ አይበቃም ብለው ጻፉ። የልዩነት ሐሳባቸው ከፍርዱ ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ይነበባል።

የሬጀፕ ጠይብ ኤርዶጋን ፓርቲ ሂጃብን በዩኒቨርሲቲ ለመፍቀድ በ2008 በ411 ድምፅ ያሳለፈውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የቱርክ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሻረው፤ ፓርቲው ራሱም በዚያው ዓመት ከመዘጋት የተረፈው በአንድ ድምፅ ጉድለት ነው። ክልከላው በመጨረሻ የላላው ግን በሕገ መንግሥት ለውጥ ሳይሆን በመመሪያ ነበር፦ በ2010 በዩኒቨርሲቲዎች፣ በ2013 በአብዛኞቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በፓርላማ፣ በ2016 በፖሊስ፣ በ2017 በሠራዊቱ።

ክልከላው ቢነሣም ክልከላውን የወለደው አደረጃጀት አልተነካም። ከ100 ሺህ በላይ ሠራተኞች ያሉት ዲያነት ዛሬም ሐነፊ የተባለውን መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት) ተከትሎ የሱኒ እስልምናን ያስተዳድራል። በሚሊዮን የሚቆጠሩት አሌቪዎች፣ ለዐሊ ልዩ ክብር ያላቸውና አምልኳቸውን ከመስጊድ ይልቅ ጀምኤቪ በተባለ ቤት የሚያካሂዱት ሙስሊሞች፣ ጀምኤቪያቸው እንደ መስጊድ ሕጋዊ የአምልኮ ቦታ ተብሎ አልታወቀላቸውም። የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2016 ይህን አድልዎ ነው ቢለውም፣ መንግሥት በ2022 የሰጠው ምላሽ ጉዳያቸውን በባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ሥር ለሚገኝ ጽሕፈት ቤት ማስተላለፍ ነበር። የ1925ቱ ቁጥር 677 ሕግም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 174 ተጠብቆ በሥራ ላይ ነው፤ ጠሪቃዎቹ ግን የማኅበርና የበጎ አድራጎት ድርጅት ፈቃድ አውጥተው፣ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት ከፍተው፣ ምርጫ በቀረበ ቁጥር ፖለቲከኞች ደጃቸውን እየጠኑላቸው ይኖራሉ።