የወደቀ ዛፍና ምሳሩ፤ የዴንቨር የቅርጫት ኳስ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

አበው «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ። አባባሉ በስፖርት ሜዳ ላይ እንደሚሠራ ያህል በሌላ ቦታ የሚሠራ አይመስለኝም። ቡድን ሲያሸንፍ ሁሉም «ቡድናችን» ይለዋል፤ ሲሸነፍ «ያ ቡድን» ይሆናል። አሠልጣኙ ይባረር፣ በጀቱ ይቀነስ፣ እንዲያውም ጭራሹን ይዘጋ የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። በዚህ አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያን ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ ስናስገባ ከክፍያው ዝርዝር ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። «እንዴ! ይህ ሁሉ ገንዘብ በየዓመቱ ለሚሸነፍ የኳስ ቡድን ጭምር ነው የሚውለው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ ሆስፒታል እያደረ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ የገንዘቡን መድረሻ የመጠየቅ መብት አለው። መልሱን ለማግኘት ግን ከዘንድሮው ውጤት ይልቅ ወደ ኋላ ሄዶ ታሪክን ማየት ይጠቅማል። የሚገርመው ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ ደጃችን ላይ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተሸናፊው መምህር

ቅርጫት ኳስን የፈጠሩት ካናዳ ተወልደው ያደጉት ጄምስ ኔይስሚዝ ናቸው። ጊዜው ታኅሣሥ 1891፣ ቦታው ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ የሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበር። ብዙዎቻችን ይህን እናውቃለን። ብዙ ያልተነገረለት ቀጥሎ የሆነው ነው። ኔይስሚዝ በ1895 ወደ ዴንቨር መጡ። ቀን በዴንቨር ወወክማ የሰውነት ማጎልመሻ ኃላፊ ሆነው እየሠሩ ግሮስ በሚባል የሕክምና ኮሌጅ ተምረው በ1898 በሐኪምነት ተመረቁ። እየሠሩ መማር ምን እንደሆነ ለእኛ ለስደተኞች ማስረዳት አያስፈልግም። ያ ኮሌጅ ከሌላ ጋር ተዋህዶ በ1911 ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተጠቃለለ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ደግሞ በ2000ዎቹ ውስጥ ፊትዝሲመንስ ይባል ወደነበረው የጦር ሆስፒታል ግቢ፣ ማለትም ወደ ኦሮራ ተዛወረ። ዛሬ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚሠሩበትና የሚታከሙበት አንሹትዝ የሚባለው ግቢ እንግዲህ የቅርጫት ኳስ ፈጣሪ ከተማሩበት ኮሌጅ ጋር በዘር ሐረግ ይገናኛል ማለት ነው።

ዶክተር ኔይስሚዝ በተመረቁበት ዓመት ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዱና እስከ 1907 ድረስ ቡድኑን አሠለጠኑ። ውጤታቸው 55 ድልና 60 ሽንፈት ነው። በዚያ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ ውስጥ ከድላቸው ሽንፈታቸው የሚበልጥ ብቸኛው አሠልጣኝ ራሳቸው የጨዋታው ፈጣሪ ናቸው! በዛሬው ሚዛን ቢመዘኑ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ወንበራቸውን ባላገኙት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን አሠልጣኝነቱን ከተዉ በኋላም እስከ 1937 በመምህርነት አቆያቸው።

ዩኒቨርሲቲው በዚህ ምን አተረፈ? ሁለት ሰዎችን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው ፎግ አለን ናቸው። በኔይስሚዝ ሥር ተጫውተው በኋላ ቡድኑን ተረከቡና ለካንሳስ ብቻ 590 ጨዋታ አሸነፉ። ሁለተኛው ጆን ማክሌንደን ናቸው። በ1930ዎቹ ካንሳስ የተማሩ ጥቁር ተማሪ ነበሩ፤ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መሰለፍ ተከልክለዋል። ኔይስሚዝ ግን አስተማሯቸው፣ ደገፏቸው። ማክሌንደን በኋላ የቴነሲ ጥቁር ተማሪዎችን ኮሌጅ ይዘው ከ1957 እስከ 1959 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የኤንኤአይኤ ሻምፒዮን ሆኑ። በ1969 ደግሞ እዚሁ ዴንቨር መጥተው ሮኬትስ ይባል የነበረውን፣ የዛሬውን ነጌትስ አሠለጠኑ። የአንድ ተሸናፊ አሠልጣኝ ፍሬ ይህን ያህል ነው።

ኩባንያ ያቆመው፣ ኩባንያ ያፈረሰው

ዴንቨር ከ1935 እስከ 1968 ድረስ፣ ከአንድ ዓመት በስተቀር፣ የአሜሪካ አማተሮች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የሚካሄድባት ከተማ ነበረች። ተወዳዳሪዎቹ በአብዛኛው የኩባንያ ቡድኖች ነበሩ። ተጫዋቹ ቀን የኩባንያው ሠራተኛ፣ ማታ ተጫዋች ነው። ዛሬ ሽንኩርትና ዘይት የምንገዛበት ሴፍዌይ የዴንቨሩ ቡድኑ በ1937 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኖለት ነበር። ከኦክላሆማ የሚመጣው የነዳጅ ኩባንያ ቡድን ፊሊፕስ 66 ደግሞ 11 ጊዜ ዋንጫውን ወስዷል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። መቻል የጦሩ፣ ኦሜድላ የፖሊሱ ነው፤ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ንግድ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ እያልን ያደግነው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። ጥንካሬው ግልጽ ነው፤ ተጫዋቹ ደመወዝና የሥራ ዋስትና ያገኛል። ድክመቱም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ የክለቡ ዕድሜ በባለቤቱ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአሜሪካ የባለሙያዎቹ ሊግ ክፍያ ሲጨምርና ኩባንያዎቹ ከማስታወቂያው የሚያገኙት ጥቅም ሲቀንስ እነዚያ ታላላቅ ቡድኖች አንድ በአንድ ጠፉ። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የእግር ኳስ ቡድን በ2017 ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ በኋላ ተመልሶ በ2023/24 የውድድር ዘመን ሻምፒዮን መሆኑን አይተናል። መውረድ መጨረሻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አንድ ግቢ፣ ሁለት ዕጣ

አሁን ወደ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ እንምጣ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዘላለም ደካማ አልነበረም። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙት ቪንስ ቦሪላ በ1949 የአገሪቱ ምርጥ አምስት ውስጥ የገቡት የዚህ ግቢ ተማሪ ሆነው ነው። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

የተፈጠረው የምርጫ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1961 በገንዘብ ችግር ምክንያት የአሜሪካን እግር ኳስ ቡድኑን ዘጋ። በ1979 ደግሞ ቅርጫት ኳሱን ከከፍተኛው ደረጃ ከዲቪዥን ዋን አወጣ። የበረዶ ሆኪው ግን ሁልጊዜም በከፍተኛው ደረጃ ቆየ። ጥሩ አሠልጣኝ፣ ገንዘብ፣ ተመልካች፣ የቆየ ስም፣ ሁሉም ወደዚያ ፈሰሰ። ውጤቱም ታየ፤ ሆኪው ከ1958 እስከ 2024 ድረስ 10 የአገር አቀፍ ዋንጫ ሰበሰበ።

ያለ ደመወዝ ያገለገሉት ቻንስለር ዳንኤል ሪቺ ዩኒቨርሲቲውን በ1998 ወደ ዲቪዥን ዋን መለሱት፤ በ1999 ደግሞ በስማቸው የሚጠራው የስፖርት ማዕከል ተከፈተ። ነገር ግን ለ19 ዓመታት ከደረጃው የራቀ ቡድን ሕንፃ ስለተሠራለት ብቻ አይነሣም። ሊግ ያስፈልገዋል። ያገኘው ሊግ ሰን ቤልት የሚባለው ነበር፤ ተጋጣሚዎቹ ሉዊዚያና፣ አርካንሳስ፣ ፍሎሪዳ ነበሩ። ተጫዋቹ ተማሪ ነውና ለአንድ ጨዋታ ግማሽ አገር አቋርጦ ሲበር ትምህርቱም ጉልበቱም ይጎዳል። የአካባቢ ባላንጣ የሌለው ቡድን ደግሞ ተመልካች አያገኝም። በ2012 ሊግ ቀየረ፣ በ2013 እንደገና ቀየረ፤ በ2026 ወደ ዌስት ኮስት ኮንፈረንስ እንደሚገባ ተገልጿል። በ2012/13 22 ጨዋታ አሸንፎ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2020/21 ግን ሁለት ብቻ አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ከተመለሰበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 2025 ድረስ አንድም ጊዜ ወደ መጋቢቱ ታላቅ ውድድር አልገባም።

እንግዲህ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የስፖርት ክፍል ሥር አንዱ ቡድን ንጉሥ ሲሆን ሌላው ለማኝ የሆነው በተጫዋቾቹ ስንፍና ነው ማለት ይቻላል? አይቻልም። ሽንፈቱ ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት በተደረጉ ውሳኔዎች ጭምር የተጻፈ ነው።

ትዕግሥትና ልኩ

ድጋፍ ሲባል ቼክ መፈረም ብቻ አይደለም። የስፖርት ክፍል አንድን ደካማ ቡድን ደገፈ የምንለው ለአሠልጣኙ በቂ ዓመታት ሲሰጥ፣ ስኮላርሺፑን ሳያጓድል ሲከፍል፣ የጉዞ በጀቱን ሲያስተካክል፣ ለተጫዋቾቹ አስጠኚ ሲመድብ ነው።

ምሳሌው እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ፎርት ኮሊንስ የሚገኘው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2007/08 በአሠልጣኝ ቲም ማይልስ ሥር 7 አሸንፎ 25 ተሸነፈ፤ ከሊጉ 16 ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። ዩኒቨርሲቲው ግን ታገሣቸው፤ በ2012 ቡድኑን ወደ መጋቢቱ ውድድር አስገቡት። በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚም ጆ ስኮትን ለሦስት ዓመታት ሽንፈት ታገሠ፤ በአራተኛው ዓመት፣ በ2004፣ 22 ለ7 በሆነ ውጤት ከ1962 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታላቁ ውድድር ገባ።

ትዕግሥት ሁልጊዜ ዋንጫ ያመጣል ብዬ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። እኒሁ ጆ ስኮት ከ2007 እስከ 2016 ዴንቨር ዩኒቨርሲቲን ቢያሠለጥኑም ያንን ደጃፍ ሳያልፉ ተሰናብተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ድል ራሱ የጤንነት ምስክር አይደለም። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ በ2011 የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበር፤ በ2013 ግን የተጫዋቾቹ የትምህርት ውጤት ከሚፈለገው በታች በመሆኑ ከመጋቢቱ ውድድር ታገደ። ታዲያ የትኛው ቡድን ነው የወደቀው? እየተሸነፈ ልጆቹን የሚያስመርቀው ወይስ ዋንጫ እያነሣ ልጆቹን ባዶ እጅ የሚያሰናብተው?

የወላጁ ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ከስፖርት ገቢያቸው ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ዩኒቨርሲቲዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ በተለይ የአሜሪካን እግር ኳስ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ጉድለቱን ከራሳቸው ካዝና ይሞላሉ። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የዓመት የትምህርት ክፍያ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነውና ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሀብታሙ ይህን ሲከፍል ድሃው ቡድን ከእስከ ዛሬው የባሰ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው «ለምን ይሸነፋል?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ከተጫዋቾቹ ስንቱ ተመረቀ? ገንዘቡ ለልጆቹ ነው የዋለው ወይስ ለተባረረ አሠልጣኝ የውል ማፍረሻ?» ብሎም ይጠይቅ።

ወደ እኛ ስንመጣ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ኳስ ለማውራት ያህል ብቻ አይደለም። በከተማችን የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ሲከፈት አይቻለሁ፤ የልጆች ቡድን ሲቋቋም፣ ማሊያ ሲታደል፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ወር አዳራሹ ይሞላል። በሁለተኛው ዓመት የልጆቹ ቁጥር ሲያንስ ወይም ቡድኑ በተከታታይ ሲሸነፍ «ድሮስ ብዬ ነበር» የሚለው ይበዛል፤ መዋጮ ይቆማል፤ በጎ ፈቃደኛው መምህር ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ሌላ ቡድን ሌላ ማኅበር ያቋቁምና እንደ አዲስ «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ምሳሩን የሚያነሣው ባዕድ አይደለም፤ እኛው ነን።

እድርን ያቆየ ሕዝብ ይህን ማድረግ አይከብደውም። እድርተኛ ዘንድሮ ከቤቴ ሰው አልሞተምና አልከፍልም አይልም። መዋጮው ለወሩ ውጤት ሳይሆን ለማኅበሩ ዕድሜ መሆኑን ያውቃል። ለልጆቻችን ትምህርትና ቡድንም ይኸው ልብ ይኑረን። ስንጀምር የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ቃል እንግባ፤ ምን ስናገኝ ተሳካ እንደምንል አስቀድመን በጽሑፍ እናስቀምጥ፤ ሒሳቡን በየዓመቱ በግልጽ እናሳይ። ጊዜው ደርሶ ሥራው ፍሬ ካልሰጠ ተመካክረን እንዝጋው፤ በሐሜት ግን አንግደለው።

በ55 ድልና በ60 ሽንፈት መካከል ያሉት አምስት ጨዋታዎች ዛሬ ማንም አያስታውሳቸውም። ማክሌንደንን ግን ታሪክ አልረሳቸውም። በየቅዳሜው ባዶ ሊሆን በተቃረበው ክፍላችን ውስጥ አሁን የተቀመጠው አንድ ልጅ ማን እንደሚሆን አናውቅም። ለእሱ ሲባል በሩ ክፍት ይቆይ።

ቸር ይግጠመን።