የዋግሹሙ ቁማር

በቆየው ትውፊት መሠረት የዛጉዌ ነገሥታት ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ፣ ለዘራቸው የዋግ ግዛት ቀረላቸው። የግዛቱ ገዥ ዋግሹሙ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብርም ነበራቸው። መቀመጫቸው ሰቆጣ ደግሞ ከአፋር በረሃ የሚመጣው የአሞሌ ጨው የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። እንዲህ ያለ ኑሮ ትቶ ዘውድ ፍለጋ መውጣት የደፋር ሥራ ነው።

ዋግሹም ጎበዜ ወጡ። ቂምም ነበረባቸው፤ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ሰቅለዋቸዋል። ልጅየው ሸፍተው ላስታንና ዋግን ያዙ። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ በዚያው ዓመት ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤተሰብ ጣጣ ነው። ባለቤታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ ገዥ የካሳ ምርጫ እህት ናቸው። ጋብቻው ግን ካሳን አላስገበረም። እንዴትስ ይገብራሉ? ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ያለፈውን የእንግሊዝ ጦር ስለረዱ መድፍና ጠመንጃ ተሰጥቷቸዋል፤ ወታደሮቻቸውንም ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ያሠለጥንላቸው ነበር።

ተክለ ጊዮርጊስ በቁጥር የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው ወደ ትግራይ ዘመቱ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ተሸነፉ፤ ተማርከው ዓይናቸው ጠፋ፤ በእስር ላይ ሞቱ።

ጎበዜን ሞኝ ማለት ይቀላል። ስሌታቸው ግን ለዘመነ መሳፍንት የሚሠራ ነበር፦ ብዙ ሰው፣ ጥሩ ዘር፣ ተስማሚ ጋብቻ። ያልቆጠሩት አዲሱን መሣሪያ ነው። ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የዋግሹምነት ማዕረግም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ።