ጠገራ ብር (ማርትሬዛ)

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ በኢትዮጵያ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለመገበያያ ያገለገለ፣ ዛሬ ለጌጥና ለሀብት ማቆያ የሚፈለግ የብር ሳንቲም ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ከምፅዋ ወደ ጎንደር በሚወስደው የሲራራ ንግድ መንገድ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ በደባርቅና በዳባት በኩል ወደ ወገራ ገበያዎች ይገባ ነበር። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዘጠኝ ፈርጦች አንድ በአንድ ያይ፣ የተፋቀውን ይመልስ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደት ቢመስለውም ከገበያ አላስወጣውም፤ ቦታውን የለቀቀው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው።

ንግሥቲቱ የሞተችበት 1780 እ.ኤ.አ. በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ በተመቱትም ላይ ስለተደገመ፣ የተጻፈው ዓመት የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የአብዛኛው ዋጋ ከያዘው ብር ዋጋ እምብዛም አይርቅም፤ ሰብሳቢዎች አስበልጠው የሚከፍሉት ለቀደምቶቹ ምቶች ነው። ብዙው በአንጥረኞች እጅ ቀልጦ መስቀልና አልቦ ሆኗል። በቅርስነት የሚታወቀውን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።